የሳሮጃ አደራ

መሞቷን ለልጇ የነገርኳት እኔ ነኝ። ኔትወርክ በተመለሰ በማግስቱ፣ ጓሮዬ ውስጥ በርጩማ ላይ ቆሜ፣ ስልኩን ከአጥሩ በላይ ከፍ አድርጌ ይዤ። ልጅቱ ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። «እናቴ በሕይወት አለች?» አለችኝ፤ እውነቱን ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ «እንደ አደራዋ አደረጋችሁላት?» አለችኝ። እዚህ ላይ ዋሸኋት።

አደራዋ አንድ ነበር። «ብሞት እንዳትቀብሩኝ፣ አቃጥሉኝ» ነው ያለችው። ለሌላ ሰው አይደለም፣ ለእኔ ነው፣ በአፏ። እኔም እሺ ብያት ነበር። ቀበርኳት።

ሐይቅ ከተማ ገበያ ወርዳችሁ ብትጠይቁ «ያቺ ህንዳዊቷ? እሷማ መነኩሲት ነበረች» የሚል አታጡም። መነኩሲት አልነበረችም። የውሃና የዓሣ ተመራማሪ ነበረች፤ ዶክተር ሳሮጃ ትባላለች፤ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ጓሮዬ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ተከራይታ ኖራለች። እኔ የሺ ደግሞ ጡረታ የወጣሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች ሳስተምር «ውሸት ነውር ነው» ስል ኖሬ በስተርጅና እኔው ዋሽቼ አረፍኩት። ውሸቴን ለብቻው ባወራው ማንም አይገባውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ልንገራችሁ።

የመጣችው የለውጡ ሰሞን ነው። ሰው ባንዲራ ይዞ መንገድ ላይ የሚጨፍርበት፣ እስረኛ የሚፈታበት፣ የማይተዋወቀው ሁሉ የሚሳሳምበት ጊዜ፤ አይ ያ ጊዜ! ከባጃጅ ወረደች። ሰማያዊ ሳሪ ለብሳለች፣ ከሥሩ የስፖርት ጫማ አድርጋለች፣ ግንባሯ ላይ ቀይ ነጥብ አለ፣ ጀርባዋ ላይ የላፕቶፕ ቦርሳ። የባጃጁን ጣሪያ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «ይሄ ያገሬ ልጅ ነው፤ ቀድሞኝ መጣ» አለች። ለሾፌሩ ስተረጉምለት በሳቅ ሞተ።

እውነት ለመናገር ንቄያት ነበር። ዶክተር ትመጣለች ሲሉኝ የጠበቅኩት ሱሪ ያጠለቀች፣ ፀጉሯን ያሳጠረች ዘመናዊ ሴት ነው። እቺ ግን ወገቧ የሚደርስ ጉንጉን፣ የእጅ አምባር፣ የእግር አልቦ! «ኧረ እቴ፣ እቺ ናት ዶክተር?» አልኩ በሆዴ። በሦስተኛው ቀን ዓሣ አስጋሪዎቹ ዘንድ ወርጄ አየኋት። ሳሪዋን በእግሮቿ መሃል አሳልፋ ወገቧ ላይ ሸጉጣዋለች፣ ከላይ ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ደርባለች፣ ቀዛፊው ሲደክመው መቅዘፊያውን ተቀብላ እሷ ትቀዝፋለች። አፌን ያዝኩ።

የመነኩሲትነቱ ወሬ ከምግብ ነው የመጣ። ሥጋ አትበላም፣ እንቁላል አትበላም። ዓሣ ቀኑን ሙሉ ስትመዝንና ስትለካ ትውልና አንዲት ቆሮሶ ዓሣ እንኳ አትቀምስም። ወተት ትጠጣለች፤ ግን ቤቷ ነው፤ ከእኔ በቀር ማን አይቷት? ምግብ ቤት ስትገባ የምታውቀው አንድ ቃል ነበር፣ «የጾም»። በፋሲካ ማግስት ከተማው በሙሉ ዶሮና በግ ላይ ተረባርቦ ሳለ ገብታ «የጾም አለ?» አለች። በቃ! አስተናጋጇ ለእናቷ ነገረች፣ እናቷ ለጎረቤት ነገረች፣ በሳምንቱ አጥሬ ሥር ሴቶች ተሰልፈው «ለልጄ ትጸልይልኝ በይልኝ» ይሉኛል። «ኧረ ሃይማኖቷ ሌላ ነው» ብል «ራስን መደበቅ የመነኮሳት ወግ ነው» አሉኝ። ጎረቤቴ ቄሱ መምሬ ታደሰ ሳይቀሩ መንገድ ላይ ሲያገኟት ቀድመው ጎንበስ ማለት ጀመሩ።

ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቀጥላ ግን «የልጆቹን ስም ጻፊልኝ፤ መጸለይ ማንን ይጎዳል?» አለችኝ። ጻፍኩላት። የምትጸልይበት አንድ መደርደሪያ ነበራት፤ ከላይ የኢንተርኔቱ ሳጥን እየበለጨለጨ፣ ከታች የአማልክቷ ሥዕልና ትንሽ የናስ መብራት። ጧት ጧት ታጥባ መብራቱን ታበራና የሐይቅን ልጆች ስም በህንድ አፍ እየሰባበረች ትጠራለች።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ነገሩ ይከነክነኝ ነበር። በተለይ አንድ ዓመት፣ አደይ አበባ ሊያልቅ ሲል፣ ማይክሮስኮፑን፣ ላፕቶፑን፣ የሐይቁን ሙቀት የምትለካበትን መሣሪያ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ በእያንዳንዱ ላይ ቀይ ነጥብ ስታደርግበትና አበባ ስታስርበት ደረስኩ። የባጃጁን ሾፌር ሳይቀር አስጠርታ ባጃጁን በአደይ አበባ አስጊጣለታለች፤ እሱ ሠርገኛ መስሎ ሲንጎራደድ ዋለ።

«አንቺ! ይሄን ሁሉ ተምረሽ ለዕቃ ትሰግጃለሽ?» አልኳት።

«አልሰግድለትም እትዬ። አመሰግነዋለሁ። ዓመቱን ሙሉ ሠራልኝ።»

«ዕቃ ምስጋና ይገባዋል?»

«አንቺ ቴሌቪዥንሽ ሲንተፋተፍ ትሳደቢ የለም? ስድብ ከገባው ምስጋናም ይገባዋል።»

እንዲህ ናት። አሮጌና አዲስ የምንለው ነገር እሷ ዘንድ ሁለት ክፍል የለውም፤ አንድ ቤት ነው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በሩን ሳትዘጋ ትመላለሳለች።

ልጇን ዲፓን ስትድር ደግሞ ጉዱን ባያችሁ። ዲፓ ባንጋሎር የሚባል ከተማ የኮምፒውተር ሠራተኛ ናት። ባሏን ራሷ መርጣ፣ ራሷ ወድዳ ጨርሳለች። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ ስልክ ላይ ቁጭ ብለው የልጁንና የልጅቱን ኮከብ በኮምፒውተር ማስቆጠር! «ባይገጥም ትተዋለች?» አልኳት። «አትተወውም» አለች። «ታዲያ ለምን ታስቆጥራላችሁ?» «አያቴ እንዳትቀየም» አለችኝ። አያቷ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። መሳቅ ጀምሬ ተውኩት። እኛስ ሐኪም ቤት ተመርምረን ስንወጣ የደብተራ ቤት ጎራ እንል የለም?

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሠርግ ቤት መሰንቆ የያዘ ሰው አምባሰል ሲጫወት ሰምታ ደርቃ ቀረች። «ይሄ የእኛ ነው» አለች። «ጧት ፀሐይ ሳትወጣ የምንዘምረው ነው። ማን አመጣላችሁ?» ከእናንተ ሰማነው ያለን የለም፣ አገራችን ማዶ የሚታየው ተራራ ነው ስሙን የሰጠው፣ አልኳት በኩራት። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ ዕቃዋን እያጠበች ታንጎራጉረዋለች፤ ግጥሙ የነሱ፣ ዜማው የኛ። የማነቃበት ድምፅ እሱ ሆነ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቤቴ የሰው ድምፅ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ አደራው ልምጣ።

አባቷ የሞቱት ኮሮና የገባበት ዓመት ነው። አውሮፕላን የለም፣ መሄድ አልቻለችም። ጧት መጥታ በሬ ላይ ቆመችና «እትዬ፣ አባቴ» ብላ ተቀመጠች። እኔ ኡኡ አልኩ። በእኛ አገር ኡኡ ከተባለ ወዲያ ያለው የቅሬው ሥራ ነው። ቅሬያችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ የሚያለቅስበት፣ አብሮ የሚቀብርበት ማኅበር ነው፤ ሊቀመንበሩ ጋሽ እንድሪስ ነው። እሱ መጣና «ሬሳው የት ነው?» አለ። ህንድ ነው አልኩት። «ሬሳው ባሕር ማዶ ቢሆን ለቅሶኛዋ እዚህ ናት» አለና ድንኳን አስተከለ።

ቀብሩን በስልክ ልታይ ነው ሲባል ስልኩን ማሰሮ ላይ አስደግፈን ዙሪያውን ተቀመጥን። አባቷ በአበባ ተሸፍነው እንጨት ላይ ተኝተዋል። ወንድም የላትም። ሴት ልጅ ወደዚያ ቦታ መሄድ፣ እሳቱንም መለኮስ በነሱ ወግ ነውር ነበር አሉ፤ ታናሽ እህቷ ግን እምቢ ብላ፣ ቄሳቸውንም አሳምና፣ እሳቱን ይዛ ቆማለች። ቄሱ ጸሎቱን ከራሱ ስልክ ላይ ያነባል። ሳሮጃም ከዚህ ሆና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትከተለዋለች። እኛ ምን ገብቶን! ማልቀሳችንን ነው የምናውቅ፤ ደረታችንን እየመታን «አባባ!» እያልን ላላየናቸው ሰው እናለቅሳለን። ድንገት እህቷ ጎንበስ አለች። እንጨቱ ተያያዘ።

አቤት የዚያን ቀን ጩኸት! «አባቷን አቃጠሉት!» ብላ አንዷ ስትሮጥ የድንኳኑን ገመድ ይዛው ሄደች። መምሬ ታደሰ ደጋግመው አማተቡ። ጋሽ እንድሪስ ብድግ ብሎ «ዝም በሉ! ወጋቸው ነው! ለቅሶ ቤት መጥታችሁ የለቅሶውን ባለቤት ታሳፍራላችሁ?» ሲል ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። ሦስት ቀን አብረናት ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ የቅሬው አባል ሆነች። ማንም ሰው ሲሞት ነጠላዋን በሳሪዋ ላይ አጣፍታ ከቀብር አትቀርም፤ ወንዶቹ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ግን ፊቷን ታዞራለች።

በአራተኛው ቀን ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ጠየቅኳት። «ለምንድን ነው ግን? አፈር ምን አደረጋችሁ?»

«ነፍስ ሥጋዋን ትወዳለች» አለች። «ሥጋው ካለ አትሄድም፤ ዙሪያውን ትዞራለች። እሳቱ 'በቃ፣ አሁን ሂጂ' ይላታል።»

«ብትቀበሪስ?»

«ቤትሽን ስዞር እኖራለኋ!» አለችና ሳቀች።

«ዙሪ፣ ምን ቸገረኝ» አልኩ እኔም።

ሳቋን አቆመች። እጄን ያዘች። «ቀልድ አይደለም እትዬ። እዚህ ብሞት አቃጥይኝ። ዲፓ ከደረሰች እሷ ትለኩስ፤ ካልደረሰች አንቺ። አደራ።»

«እሺ» አልኳት። «ምን በወጣሽ ትሞቻለሽ» ብዬም ተቆጣሁ። እኛ እሺ ስንል ታውቁት የለም? ሰው እንዳይከፋው፣ ነገሩ እንዲያልፍ ነው። እሷ ግን እሺ ማለት እሺ የሆነበት አገር ሰው ናት። ልቧ አረፈ፤ አየሁት።

ጦርነቱ ሲመጣ በውጫሌ በኩል መጣ። መጀመሪያ በመኪና፣ ቀጥሎ በባጃጅ፣ በመጨረሻ በእግር፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ አሮጊት ያዘለ ሰው መንገዱን ሞላው። መሥሪያ ቤቷ መኪና እንላክልሽ ቢላት «ቅዳሜ የወሩን ልኬት ጨርሼ እሑድ እመጣለሁ» አለች። አንድ ወር አሳልፋ አታውቅም ነበርና። ቅዳሜ ከሐይቁ ስትመለስ የደሴው መንገድ ተዘግቶ ነበር።

ታጣቂዎች ከተማዋን ያዙ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ወፍጮ ቆመ። የሳሮጃ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ስኳር ነበረባት፤ በየቀኑ የምትወጋው መድኃኒት ፍሪጄ ውስጥ ነበር፣ ፍሪጁ ሞተ። እኔ ራሴን ይዤ ስንቆራጠጥ እሷ «እንስራ አለሽ? ትንሽ ማሰሮስ?» አለችኝ። ማሰሮውን እንስራው ሆድ ውስጥ ልናስገባ ብንል አንገቱ አልበቃ አለ፤ የእናቴን የጠላ ጋን አፉን ሰበርንለት። ማሰሮውን ከትተን በመሃላቸው አሸዋ ሞላን፣ አሸዋውን አራስነው፣ መድኃኒቱን ማሰሮው ውስጥ አስቀመጥን፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንነው።

«አያቴ ወተት እንዲህ ነበር የምታስቀምጠው» አለች። «ፊደል አልቆጠረችም፤ ፊዚክስ ግን ታውቃለች።» ሐይቁን የምትለካበትን ቴርሞሜትር ማሰሮው ውስጥ ሰክታ በየሦስት ሰዓቱ እያየች ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እኔ አሸዋውን አርሳለሁ። እንዲህ አድርገን ሳምንታት አሳለፍን። መድኃኒቱ አልተበላሸም። አለቀ።

መጀመሪያ ግማሽ ግማሽ አደረገችው፣ ከዚያ ሩብ። መድኃኒት ቤቶቹ ባዶ ነበሩ። ጋሽ እንድሪስ ተራራ ለተራራ ሁለት ቀን ተጉዞ ፈልጎ ባዶ እጁን ተመለሰና በሬ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷ ውሃ ጠጥታ አትረካም፣ ትተኛለች፣ ስትነቃ «ዛሬ ስንት ነው?» ትላለች፤ የሐይቁን ሙቀት ነው የምትጠይቀው። አንድ ዓርብ ከሰዓት ነቃችና እጄን ፈለገች። «እትዬ፣ አደራ» አለች። «እሺ የኔ ዓለም» አልኳት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

ጋሽ እንድሪስና መምሬ ታደሰ መጡ፤ ታጣቂዎቹ ስላሉ ኡኡ ማለት አይቻልም ነበር። ጋሽ እንድሪስ ነው የጀመረ። «እነሱ ወጋቸው እሳት ነው። አይተናል። ለአንቺ ያለችሽ ነገር አለ?»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«ካለች ንገሪን» አለ። «ባሕር ዛፍ አለኝ፣ ዛሬውኑ እቆርጣለሁ። ለታጣቂዎቹም እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ፤ የቅሬ ሰው ናት፣ አደራዋ አደራችን ነው።»

መምሬም «እኔ በሥርዓቴ አልፈታትም፤ ግን ቆሜ እሸኛታለሁ። አደራ መብላት ይከብዳል» አሉ።

ሁለቱም አፍ አፌን አዩኝ። «ምንም አላለችኝም» አልኩ። «ደግሞስ ጭስ አይተው ቢተኩሱብንስ?» አልኩ። ጋሽ እንድሪስ «እንግዲያው አፈር ለሁሉም ነው» ብሎ አካፋውን አነሳ።

ከቤተ ክርስቲያኑም ከመስጊዱም መካነ መቃብር አልሆነምና እዚሁ ጓሮዬ፣ ጌሾው አጠገብ ቀበርናት። ጋሽ እንድሪስ ዱዓ አደረገ፣ መምሬ ለራሳቸው ዳዊት ደገሙ። ሳሪዋን እኔ አለበስኳት። ሲያወርዷት ፊቴን አላዞርኩም።

በሦስተኛው ጧት ሰማኋት። ጎሕ ሲቀድ ያ ዜማ፣ ያ አምባሰሉ፣ ቀስ ብሎ ከጓሮ። ጆሮዬ ነው በሉ፤ እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብያለሁ። በሌላው ቀን፣ እሷ ወጥ ስትሠራ እንደምታደርገው፣ ሰናፍጭ ዘይት ውስጥ ሲንጣጣ ሸተተኝ፤ ጠብታ ዘይት በሌለበት ቤት! የውሃ መቅጃ ጠርሙሶቿ ሲጋጩ ይሰማኛል፤ ስወጣ ሣጥናቸው ውስጥ ተደርድረዋል። ጎረቤቶቼ ቀለሜ እየጠፋ ሲያዩ «ፀበል ሂጂ» አሉኝ። አልሄድኩም። ጧት ጧት ቡናዬን ሳልቀምስ ወጥቼ አፈሩ አጠገብ እቀመጥና ወሬ እነግራታለሁ፦ ዛሬ ተኩስ አልነበረም፣ ሐይቁ ጎድሏል፣ ቀዛፊሽ ወልዷል።

ታጣቂዎቹ ወጡ። ስልክ ተመለሰ። ዲፓ ደወለች። «እንደ አደራዋ አደረጋችሁላት?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት። «እሳቷን አግኝታለች። አመዷን ለሐይቁ ሰጠነው።» ከየት አመጣሁት? አመዱን ሳትጠይቀኝ ጨመርኩላት! «አመሰግናለሁ እማማ» አለችኝ። እማማ አለችኝ፣ እኔን።

ከዚያ የነሱን ተዝካር አወጣች። ፎቶውን በስልክ ላከችልኝ፤ ስድስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆማ ለቁራዎች የሩዝ እንክብል ስታስቀምጥ፣ ቄሱ ከስልክ መስታወት ውስጥ ሆኖ ሲያዛት። ከሥሩ «ሸኘናት፤ አሁን ነፃ ናት» ብላ ጽፋለች። ያንን ባነበብኩ ማግስት ጎሕ ሲቀድ ጓሮው እንደ ወትሮው አንጎራጎረ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የፈራሁት። እሷን አይደለም፣ ራሴን ነው። ሳሮጃ በሯ ተዘግቶባት ትዞራለች፤ ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ልጇ ደግሞ ሄዳለች ብላ ጥቁሯን አውልቃለች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዲፓ «እመጣለሁ፤ ሐይቁን ማየት እፈልጋለሁ» ብላ ጻፈችልኝ።

መጣች። ጂንስ ለብሳለች፣ ፀጉሯ አጭር ነው፣ ግንባሯ ላይ ግን ያ ቀይ ነጥብ። ጫማዋን በሬ ላይ አወለቀች። ከቦርሳዋ ትንሽ የመዳብ ዕቃ አወጣችና «እናቴ ካለችበት ውሃ ቀድቼ ልወስድ ነው፤ ጀልባው ይገኛል?» አለችኝ።

«ቁጭ በይ» አልኳት።

«ደክሞሽ ከሆነ ነገ...»

«ቁጭ በይ ልጄ። እናትሽ ሐይቁ ውስጥ የለችም።»

ይዣት ወደ ጓሮ ሄድኩ። አፈሩን አሳየኋት። ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት፤ ጌሾውን አየች፣ አፈሩን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ የመዳቡ ዕቃ ከእጇ ወደቀ።

«እናቴ 'እሺ ብላኛለች' ብላ ነግራኝ ነበር» አለች። «ስልኩ ሊቋረጥ ሲል፣ የመጨረሻ ቀን። 'አትፍሪ፣ እትዬ አለች' አለችኝ። እኔ በዚህ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።»

መሬቱ ቢውጠኝ ምን አለ!

«ታጣቂዎቹን ፈርታችሁ ነው?»

እዚህ ላይ አዎ ብል ይቀለኝ ነበር። ይቅር ትለኝ ነበር፤ ማንም ይቅር ይለኝ ነበር። «ለሰው ያልኩት እሱን ነው» አልኳት። «እንጨቱ ነበረ። ሰዎቹም እሺ ብለው ነበር። እኔ ነኝ አደራዋን የደበቅኩት። እናትሽ ካልተቃጠልኩ ቤትሽን እዞራለሁ ብላኝ ነበር። እንድትዞር ፈልጌ ነው። እንዳትሄድብኝ ነው።»

«ዞረች?» አለችኝ።

«በየጧቱ።»

አፈሩ ላይ ተንበረከከች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮህብኝ በወደድኩ። እጇን አፈሩ ላይ አድርጋ ቆየችና ቀና ሳትል «እኔስ እንድትሄድ የፈለግሁ ይመስልሻል?» አለችኝ። «እኔም አልፈለግሁም። ግን የጠየቀችው እሷ ናት።»

እሷን እዚያው ትቼ ጋሽ እንድሪስ ቤት ሄድኩ። የረፋድ የዱሐ ሶላቱን ጨርሶ መቁጠሪያውን ይዞ ተቀምጧል። ያለችኝን ሁሉ፣ የዋሸሁትን ሁሉ ነገርኩት። መቁጠሪያውን መግፋቱን ተወ። «አንቺ ሴትዮ» አለ በመጨረሻ፣ «ስንቱን ቀን ከእኛ ጋር ስትበዪ ስትጠጪ...» ብሎ ተወው። መቁጠሪያውን ኪሱ ከተተና ተነሳ፤ የቅሬውን ዶማና አካፋ ከጓዳ አወጣ፣ ተሸከመ፣ አብሮኝ መጣ።

ጓሮው ስንደርስ ዲፓ እንደተንበረከከች ነበረች። ጋሽ እንድሪስ ዶማውን አጥሩ ላይ አስደገፈና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስንት ሸክም እንጨት ነው የሚበቃው?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። ዞሬ ልጇን ጠየቅኳት።